ልጅዎን ለመጀመሪያ ጊዜ በግል ትምህርት ቤት ለሚያስገቡ፦ ከደብረ ማርቆስ የአንዲት እናት ተሞክሮ

ይህን የምጽፈው ራሳቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረው፣ ልጆቻቸውን በመጪው መስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ በግል ትምህርት ቤት ለሚያስገቡ ወላጆች ነው። እኔ የተማርሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው፤ ልጆቼን ግን በደብረ ማርቆስ ከተማ ከነርሰሪ ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። ትልቁ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል፣ ትንሿ ገና ኬጂ ናት። የግል ትምህርት ቤት የራሱ አነጋገርና የራሱ ልማድ ያለው ማኅበር ነው። አዲስ የገባ ወላጅ ከሚጠየቀው ነገር የትኛው የትምህርት ቤቱ ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ወላጆች በጊዜ ብዛት እርስ በርሳቸው ያለማመዱት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ሁሉንም እንደ ግዴታ ቆጥሮ ይጨነቃል፤ ከአቅሙ በላይ ይበደራል፤ ወይም አፍሮ ከትምህርት ቤቱ ይርቃል። ስለዚህ ሁለቱን ለይቼ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ምዝገባ በአብዛኛው በክረምት ይካሄዳል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነባር ተማሪዎች ነው፤ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት በቀረው ቦታ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ለትንንሾቹ የክትባት ካርድ፣ የልጁ ጉርድ ፎቶግራፍና ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስደው ሰው ፎቶግራፍ ይጠየቃል። የመጨረሻውን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት፤ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ልጅ የሚያስረክቡት ፎቶው ለተመዘገበ ሰው ነው፤ አጎትም ሆነ የጎረቤት ልጅ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ከወዲሁ ይመዝገብ። በገንዘብ በኩል የመመዝገቢያ ክፍያና ወርሃዊ ክፍያ የተለያዩ ናቸው። መመዝገቢያው በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑን ብዙ አዲስ ወላጆች የሚያውቁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ሲመዘገቡ ወርሃዊ ክፍያው የአሥር ወር ነው ወይስ የክረምቱንም ወራት ይጨምራል፣ መጽሐፍና ዩኒፎርም ለብቻ ይከፈላል ወይስ ተካቷል፣ ወሩ በገባ በስንተኛው ቀን ቅጣት ይጀምራል፣ ወንድምና እህት ሲማሩ ቅናሽ አለ ወይ ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ከዚህ ሌላ የቁሳቁስ ዝርዝር ይሰጣል፤ ደብተርና እርሳስ፣ ከለር፣ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ፈሳሽ ሳሙና። ይህ ለክፍሉ የጋራ አገልግሎት የሚውል ስለሆነ ማሟላት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ማምጣት ግድ አይደለም፤ ለክፍሉ መምህርት ነግሮ በሁለት ጊዜ ማስገባት ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ።

ስለ ክፍል ደረጃዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ ኬጂ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ይባል የነበረው በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ ከ7ኛ እስከ 8ኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ይከተላል። የግል ትምህርት ቤቶች ከዚያ በታች ያሉትን ሕፃናት ነርሰሪ በሚባለው ክፍል ይቀበላሉ። ልጁ 1ኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ስለሆነ፣ ቶሎ እንዲያልፍ ብሎ በለጋ ዕድሜው ማስገባት ኬጂ ውስጥ ዓመት ከማስደገም በቀር ትርፍ የለውም።

በግቢው ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ልጆች ሴት መምህራንን «ሚስ»፣ ወንድ መምህራንን «ቲቸር» ይላሉ። በኬጂ ከሚሷ ጋር ረዳትና ሞግዚት አሉ፤ ልጅዎ ምሳውን በላ አልበላ፣ ተኛ ወይስ አለቀሰ የሚለውን በትክክል የምታውቀው ሞግዚቷ ናት፤ ስለዚህ ስሟን ይያዙ፣ ጠዋት ሲያደርሱ ሰላም ይበሏት። የክፍሉ ኃላፊ መምህር «ሆም ሩም» ይባላል፤ የልጁን ጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነው። ከእርሱ በላይ የተወሰኑ ክፍሎችን የሚከታተል «ዩኒት ሊደር» አለ፤ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ ባለቤት። ወላጆች ቅሬታ ሲኖራቸው በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ይሄዳሉ፤ ክፍያውን የሚቀበለው እርሱ ስለሆነ የሚፈታውም እርሱ ይመስላቸዋል። ከልምዴ እንዳየሁት ግን ጉዳዩ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሆም ሩሙ ነው፤ ያን ጊዜ መምህሩ ቅር ተሰኝቶ ይቆያል። እርስዎም በበኩልዎ በስምዎ አይጠሩም፤ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ አባት» ይባላሉ። ይህ አክብሮት እንጂ መዘንጋት አይደለም፤ በወላጆች መካከልም የምንጠራራው በልጆቻችን ስም ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥቼ ልናገርለት የምፈልገው ኮሚዩኒኬሽን ቡክ የሚባለው የመገናኛ ደብተር ነው። ይህ ደብተር በየቀኑ ከልጁ ቦርሳ ጋር ይሄዳል፣ ይመጣል፤ መምህሩ የቤት ሥራውን፣ የልጁን ሁኔታና የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ይጽፍበታል፤ ወላጅ ደግሞ አንብቦ ይፈርማል። ፊርማው ግዴታ ነው፤ ያልተፈረመ ደብተር ይዞ የሄደ ልጅ ይጠየቃል፣ ይሸማቀቃልም። ነገር ግን ብዙ ወላጅ ፊርማውን ብቻ አኑሮ ይተወዋል። ከፊርማው ሥር ያለው ባዶ መስመር የእርስዎ ነው፤ ይጻፉበት።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ሚሷ «ከሰሌዳ ሲገለብጥ ፊደል ይዘላል፤ ቤት ውስጥ ቢያለማምዱት» ብላ ጻፈች። ማታ ከመጽሐፍ ሳስገለብጠው አንድም ፊደል አይዘልም ነበር። ይህንኑ ጻፍሁላትና የሚቀመጠው የት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ነበር። በማግሥቱ ከፊት አስቀመጠችው፤ መዝለሉም ቀነሰ፤ ቆይተን ዓይኑን ስናስመረምረው መነጽር ታዘዘለት። ወላጅና መምህር ያዩት የየራሳቸውን ግማሽ ብቻ ስለነበር፣ ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ልጁ ሰነፍ ተብሎ ዓመቱ ያልፍ ነበር። በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ አይደለም፤ መምህራኑ ራሳቸው በአማርኛ ቢጻፍላቸው ይመርጣሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያቶች ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነም ለሆም ሩሙ አስቀድሞ መንገር ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ይነግሯቸዋል።

አሁን አሁን የየክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ቡድን አላቸው። ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ሆኖም የልጅን ውጤትም ሆነ ጠብ እዚያ ላይ ማውጣት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ልክም ነው። በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ወላጅና ትምህርት ቤት የተገናኙት በዚያው በመገናኛ ደብተርና በስልክ ጥሪ ነበር። ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው ጊዜያት መምህራኑ ወርክሺት አባዝተው ይሰጡን ስለነበር ልጆቻችን ቤት ውስጥ ከደብተር አልተለዩም። ዛሬም ቢሆን መንገድ ሲዘጋ ወይም ከተማው ሲረበሽ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ልጆች ግቢው ውስጥ ቢቆዩ ማን እንደሚረከባቸው አስቀድመው ከሆም ሩሙ ጋር ይነጋገሩ፤ ይህ በጎጃም ያለን ወላጆች ልንዘለው የማንችለው ጉዳይ ነው።

ልጅ በሰርቪስ የሚሄድ ከሆነ፣ በደብረ ማርቆስ ሰርቪስ ሲባል ብዙ ጊዜ ወላጆች ተሰባስበው በወር የሚከራዩት ባጃጅ ነው። ስንት ልጅ እንደሚጫን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስማሙ፤ በቃል የተስማሙበት ቁጥር ከኅዳር በኋላ ይጨምራል።

ስለ ምሳ ዕቃ። ልጆች ጠዋት የሚይዙት ምሳ ዕቃና ኮዳ ስማቸው ሊጻፍበት ይገባል፤ በክዳኑም በታችኛውም ክፍል ላይ ይጻፉ፤ ክዳንና ዕቃ እየተለያዩ የሚጠፉት ስሙ በአንዱ ላይ ብቻ ስለሚጻፍ ነው። ቺፕስ፣ ከረሜላና ለስላሳ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተከለከለ ነው፤ ይህ ግዴታ ነው። ሳምንታዊ የምግብ ዝርዝር የሚለጥፉም አሉ፤ ያ ግን ምክር ነው፤ ሽሮ ፍትፍት ወይም ድንች በካሮት የያዘ ልጅ ማክሮኒ ከያዘው አያንስም። ልጆች ምሳ ሲበሉ ይጎራረሳሉ፤ ሚሶቹም አይከለክሏቸውም። በዚህ ምክንያት በዐቢይ ጾም፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ የሚጾሙም የማይጾሙም ወላጆች የጾም ምግብ መቋጠር ለምደናል፤ ሕፃናቱ ለመጾም ዕድሜያቸው ባይደርስም የሌላው ቤት ሥርዓት እንዳይጣስ በማሰብ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዚህ ይተባበሩናል፤ እኛም በረመዳን የሚጾሙ ከፍ ያሉ ልጆች ካሉ ለስፖርት መምህሩ ቀድሞ እንዲነገርና ከሩጫ እንዲያርፉ እናሳስባለን። ትምህርት በሕገ መንግሥቱ ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ይህን አያዝም፤ የወላጆች መተሳሰብ ነው፤ ከማኅበሩ ልማዶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደውም ይህንን ነው።

ወላጅ በጣም የሚወጠረው በበዓላት ሰሞን ነው። ዓመቱ በቀናት የተሞላ ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የካቲት 23 የዓድዋ ድል፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል ይከበራሉ። የሕዝብ በዓል የሆኑት በዋዜማው ቀን በሰልፍ ሜዳ ላይ ይታሰባሉ። ከእነዚህ ሌላ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ያመጧቸው ከለር ዴይ፣ የባህል ቀን፣ የወላጆች ቀን የሚባሉ አሉ። በከለር ዴይ የአንድ ክፍል ልጆች አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰው ይመጣሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፦ አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም። ቢጫ ከተባለ ቢጫ ሻሽ፣ ቢጫ ሪባን ወይም የታላቅ እኅት ሹራብ ይበቃል። ሱቆቹ ያን ሳምንት ዋጋ ይጨምራሉ፤ ወላጆችም እርስ በርስ ስለምንተያይ እንገዛለን፤ ልጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ረስተው ኳስ ይጫወታሉ።

የባህል ቀን ግን ለእኛ ለጎጃሞች ቀላል ነው፤ ከቤት የማይጠፋ ነገር ነው የሚጠየቀው። ለሴት ልጅ የሐበሻ ቀሚስ፣ ለወንድ ልጅ እጀ ጠባብና ነጠላ፣ የአያቱ ጭራ ወይም አንካሴ ይበቃል። በዓድዋ ሰሞን ልጆች ሁሉ ዳግማዊ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን መሆን ይፈልጋሉ፤ ክፍሉ በነገሥታት ይሞላል። የእኔ ልጅ ተራ ሲደርሰው ሠራዊታቸውን ይዘው ከጎጃም ዓድዋ የዘመቱትን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እንዲሆን ሐሳብ አቀረብሁ፤ ሚሷ ደስ አላት፤ ልጁም ከአያቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚናገረውን አጠና። ለሚያዝያ 27ም እንዲሁ በላይ ዘለቀን የሚሆን ልጅ አይጠፋም። ለልብሱ ከምናወጣው ገንዘብ ይልቅ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያሳልፈው ምሽት እጅግ ይበልጣልና፣ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያውን ሲልክ መጀመሪያ አያቶችን ያማክሩ።

ልደትም በክፍል ውስጥ ይከበራል። ኬክና ከረሜላ ይዞ መሄድ በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ማንም አያስገድድም። ድፎ ዳቦ ቆርሶ የሄደ ወላጅ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ከኬኩ ይልቅ ተሻምተውበታል። ለመምህራን የዓመቱ መጨረሻ ስጦታ ደግሞ ከልማዶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ሽቶ፣ ሻርፕ፣ አንዳንዴም ከዚያ የከበደ ነገር ለብቻ ይሰጣል፤ ያልሰጠ ወላጅም ልጄ ይጎዳል ብሎ ይሠጋል። የግል ትምህርት ቤት መምህራን ደመወዛቸው አነስተኛ እንደሆነ ስለማውቅ ማመስገናችንን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የክፍሉ ወላጆች አዋጥተው ለሚሷ፣ ለረዳቷና ለሞግዚቷ በጋራ ቢሰጡ የማንም ልጅ ስም ተለይቶ አይነሣም። በእኛ ክፍል ይህን ማድረግ ከጀመርን ወዲህ የስጦታ ወሬ ቀርቷል።

ስለ ፈተናና ውጤት ሲወራ የሚሰሟቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ቴስት፣ ሚድና ፋይናል በሰሚስተሩ ውስጥ በቅደም ተከተል የሚመጡ ፈተናዎች ናቸው፤ የቤት ሥራና የክፍል ሥራ ነጥብም ተደምሮ ከመቶ ይሞላል። ቱቶሪያል የሚባለው ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚሰጥ ተጨማሪ ትምህርት ነው፤ አንዳንድ ቦታ በክፍያው ውስጥ ተካቷል፣ አንዳንድ ቦታ ለብቻ ይከፈላል፤ ይጠይቁ። በካርድ መቀበያ ቀን ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡ ልጆች በመድረክ ላይ ይጠራሉ፤ ወላጆችም ካርዱን ስንቀበል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ደረጃው ነው። እኔ ግን ካርዱን ከላይ እስከ ታች እንዲያነቡት እመክራለሁ። የቀረበት ቀን ብዛት፣ ኮንዳክት የሚባለው የጠባይ ውጤት፣ በየትምህርቱ አንደኛው ሰሚስተር ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር፣ ከሁሉም በኋላ ደረጃው። 12ኛ የወጣ ልጅ በሒሳብ ከ58 ወደ 74 ከፍ ብሎ ከሆነ መመስገን ይገባዋል፤ 2ኛ የወጣው በንባብ እየወረደ ከሆነ ደግሞ መምህሩን ማነጋገር ያስፈልጋል። ሰልፍ ይዞ ካርድ መቀበያው ሰዓት አጭር ስለሆነ፣ ጥያቄዎችዎን ጽፈው ይሂዱ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ ልጆች ከኬጂ ጀምረው «ሜይ አይ ጎ አውት» እያሉ ሲመጡ ደስ ይላል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መሠረቱ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ግን ወላጅ የማያውቀውን ቋንቋ ለመናገር ሲል ከልጁ ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ አይቀንስ። የደብረ ማርቆስ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በክረምት ወደ የኔታ ይልካሉ፤ ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንሱን ከዚያም ዳዊቱን ይቆጥራሉ። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን በመሰሉ ታላላቅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች በምትታወቅ አገር ይህ የቆየ ወግ ነው። የእኔ ልጆች በአማርኛ ንባብ ፈጣን የሆኑት በየኔታ ቤት ነው፤ ልጅዎን በክረምት ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ የሚከፍሉ ከሆነ ይህንንም ያስቡበት።

የኬጂ ምረቃ በሰኔ ይደረጋል። ጋውንና ቆብ፣ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ፣ መዝሙር፣ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ድግስ። ትምህርት ቤቱ የሚያስከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የጋውኑንና የፎቶውን ነው፤ ድግሱ የእኛ ነው። ዘመድ መጥራት የፈለገ ይጥራ፤ ያልቻለ ቡና አፍልቶ ቆሎና ዳቦ ቢያቀርብ ልጁ ያው ተመራቂ ነው። ለ12ኛ ክፍሎች ደግሞ በመጨረሻው ቀን በዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ መፈራረም ልማዳቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊውን ፈተና ብዙዎቹ የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለሆነ ሽኝቱ ከቀድሞው ይልቅ ለቤተሰብ ከባድ ሆኗል፤ ወላጆች በር ድረስ ሸኝተን እንመለሳለን። ያን ሸሚዝ ያጥቡት እንጂ አይጣሉት፤ ልጆቹ ይፈልጉታል። የተፈረመው በፓርከር (በማርከር) ከሆነ ግን ፊርማው እንዳይለቅ ማጠቡም ይቅር።

የወላጅና መምህራን ኅብረት፣ በአጭሩ ወመህ የሚባለው፣ ወላጅ ድምፁን የሚያሰማበት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን የምንሄደው የክፍያ ጭማሪ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ስለሚቆጣ ጥያቄው ይበታተናል። በጥቅምትና በኅዳር በሚደረጉት ጸጥ ያሉ ስብሰባዎች የተገኘ ወላጅ ስንት መምህር እንደለቀቀ፣ ቤተ ሙከራው ሥራ መጀመሩን፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ማግኘቱን ያውቃል፤ በግንቦት ጭማሪ ሲጠየቅም «በዚህ ምትክ ምን ተሠራ» ብሎ በማስረጃ መጠየቅ ይችላል። በስብሰባው የተወሰነው በቃለ ጉባኤ መያዙን ያረጋግጡ፤ ኮፒውንም ይጠይቁ።

በመጨረሻ ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር፣ ከተማ በመዛወርም ይሁን በአቅም ማነስ፣ መልቀቂያና የውጤት ካርድ ያስፈልጋል። መልቀቂያ የሚሰጠው ወርሃዊ ክፍያው ተጠናቆ፣ የተዋሱት መጻሕፍት ተመልሰው፣ ክሊራንሱ፣ ማለትም ዕዳም ሆነ ያልተመለሰ ዕቃ እንደሌለ የሚያረጋግጠው ቅጽ፣ በየሥራ ክፍሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መምህራኑ ገና በግቢው ሳሉ ይጨርሱት፤ በነሐሴ ቢሮው ሊዘጋ፣ ማኅተም ያዡም ዕረፍት ሊወጣ ይችላል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ መልቀቂያ አይመዘግብም። ደረሰኞችዎን ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በአንድ ክላሰር ያስቀምጡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር የከፈሉ ከሆነም መልእክቱን ከስልክዎ ሳይጠፋ አሳትመው ከደረሰኞቹ ጋር ያያይዙት።